ሃያ በሠላሳ

ርብቃ ራሷ በሳለችው የሕንፃ ሥዕል ላይ ጣሪያውን የሚሸከመውን ቢም ስትነካው በስክሪኑ ጥግ ሁለት ቁጥሮች ብቅ አሉ፤ ሃያ በሠላሳ ሳንቲሜትር። አፍጥጣ አየቻቸው። እሷ የጻፈቻቸው አልነበሩም። አዲስ ቢም በተሳለ ቁጥር፣ የሚስለው ሰው ካልለወጠው፣ ፕሮግራሙ ከራሱ የሚሰጠው ልክ ነው። ለትንሽ ክፍል ይበቃል። ይህ ቢም ግን የጉባኤ ቤቱን አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሰባት ሜትር ተኩል የሚሻገረው ነበር። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብላ አልፋዋለች። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ሥዕሉ ታትሞ ወጣ።

አዳራሹ ከወደቀ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። የጣሪያው ሶሌታ የተናደው ደቀ መዛሙርቱ ከሥሩ ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ ነበር። የመምህራቸው የመሪጌታ ገብረኪዳንና የሁለት ዲያቆናት አስከሬን ከፍርስራሹ ወጣ። ደብረ ታቦር ባንድ አፍ የፈረደው በፎርማኑ በሞላ ላይ ነው። ፌሮ ሰርቋል፣ ሲሚንቶ አሳንሷል ተባለ፤ በቀብሩ ማግስት ታሰረ። ርብቃም እስከዚህች ጠዋት ድረስ እንደ ሰው ሁሉ ፈርዳበት ነበር።

የግንባታውን ፎቶዎች ከሥዕሉ ጋር አስተያየቻቸው። ሞላ አንዲት ፌሮ አላጎደለም።

ሚያዝያ ላይ ደውሎላት እንደነበር ትዝ አላት። «ልጄ፣ ይኼ ቢም አልቀጠነም ወይ?» ብሎ ነበር። እሷ ፋይሉን እንኳ ሳትከፍት፣ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ያሰላው ነው፤ ሥዕሉን ይከተሉ» አለችው። ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አላሰላም። ማንም ያልነካውን ቁጥር እንዳለ አስቀመጠ እንጂ።

የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ሙሉቀን ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ስክሪኑን አየና በሩን ዘጋ።

«መርማሪው ከሰዓት ይመጣል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃያ አምስት በስድሳ አድርጊና አስቀምጪው። የታተመውን እኔ አጠፋዋለሁ።»

«ጋሼ ሞላስ?»

«ሞላ ላይማ ተፈርዷል። አንቺ ብትናገሪ የሞቱት አይነሱ።»

እጇ ማውሱ ላይ ነበር። ሁለት ቁጥር ብቻ። ያኔ ለመለወጥ የሰነፈችው እጅ ዛሬ ለመለወጥ ያን ያህል መቸኮሏን አየች። ላፕቶፑን ከደነችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ርብቃ! እናትሽን የምትጦሪ አንቺ ነሽ!» ሲል ሰማችው። ደረጃውን ወርዳ ነበር።

የጉና ተራራ ጭጋግና ዝናብ መንገዱን ሞልቶታል። ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ነጠላዋ ርሷል። መርማሪው ቃሏን ጻፈ፣ ቁጥሮቹን ደጋግማ አሳየችው፣ ላፕቶፑን ተረከባት። ፊቱ ላይ ቁጣም ምስጋናም አላየችም።

«ሞላም ይቆያል፤ ነገሩ ገና ይጣራል» አላት። «አንቺም ደጅ ቁጭ በይ። እንጠራሻለን።»

ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ተቀመጠች። ከውስጥ አንድ ፖሊስ «የሞላ ሚስት! ትርንጎ!» ብሎ ተጣራና የምሳ ዕቃ አቀበለ። ጠና ያለች ሴት ተቀበለችው፤ ክዳኑን ከፍታ አየች፤ መልሳ ከደነችው። ከርብቃ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ዛሬም አልቀመሰም» አለች፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ።  ከዚያ ወደ ርብቃ ዞረች። «አንቺ ደግሞ በብርድ ደርቀሽ የለም እንዴ፤ ምነው ብትቀምሺለት? ስንቅ ደጅ ሲበላሽ ግፍ ነው።» ዕቃውን እንደገና ከፍታ ዳቦውን ቆርሳ እጇ ላይ አኖረችላት። «ማን ታስሮብሽ ነው የኔ ልጅ?»

ዳቦው ገና ለብ ይላል። ርብቃ አልጎረሰችውም።

«እትዬ ትርንጎ፣ ያንን የወደቀውን አዳራሽ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የኔ ነው» አለች።

ሴትየዋ የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማናቸውም ከአግዳሚው አልተነሡም።