ሰገነት የቆለፈችው በር

ሰገነት ቤቷ ወዳለበት ዘንዘልማ ደርሳ ከሚኒባሱ እንደወረደች እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ብትሰድ የብረት ሳጥኑ ቁልፍ የለም። መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ ያለውን ሁሉ ጭኗ ላይ ዘረገፈችው። የቢሮው በር ቁልፍ አለ፤ የሳጥኑ ግን የለም።

ከተማው ውስጥ ፔዳ በሚባለው ሰፈር፣ የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ፎቶ የሚያነሣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ንብረት ኃላፊ ነች። ባለፈው ሳምንት ከሥር ፎቅ ያለው ቢሮ ተሰብሮ ላፕቶፖች ሲወሰዱ፣ ሥራ አስኪያጁ የብረት ሳጥን አስበየደና ያለውን አንድ ቁልፍ ለእሷ ሰጣት። "ማታ ማታ ስድስቱም ላፕቶፖቻችን እዚህ ይግቡ። አንድ ቢጎድል የምጠይቀው አንቺን ነው" አላት። ዛሬም ስድስቱን ቆጥራ ደርድራለች፤ ግን ሚኒባስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ ቁልፉን ሳጥኑ ላይ ትታው ወጥታለች።

ጥበቃው አቶ ቢያዝን ጋ ደወለች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለዋለ ስልካቸው ዝግ ነው።

ባጃጅ አስቆመች።

"ሊመሽ ነው እኮ፤ መመለሻ አታገኚም" አላት ሾፌሩ።

"ግድ የለም፣ ንዳው ብቻ።"

መንገዱን ሙሉ የሚታያት ባዶ ሳጥን ነበር።

አቶ ቢያዝን በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"ሳጥኑን ሳልቆልፍ ሄድሁ፣ ጋሼ። ሰው ገብቷል?"

"እኔ እያለሁ ማን ይገባል?"

ደረጃውን እየዘለለች ወጣች፤ እሳቸውም ባትሪ ይዘው ተከተሏት። በሩን ስትከፍት ከውስጠኛው ክፍል አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። አቶ ቢያዝን ዱላቸውን ከፍ አድርገው ባትሪውን አበሩ።

ሌባ አይደለም። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ ብራናዎቹን እያነበቡ ለቢሮው ሰዎች የሚያስረዱ ሽማግሌ። ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

"ሸለብ አድርጎኝ... ብነቃ በሩ ተቆልፏል" አሉ ቃላቸው እየተሳሰረ። "ብጣራ የሚሰማኝ አጣሁ። ስኳሬ ወርዷል መሰለኝ።"

የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ሰገነት ስኳር ውኃ ውስጥ በጥብጣ፣ ጭንቅላታቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው። ግማሹ ጺማቸው ላይ ፈሰሰ።

"ይጠጡ አባቴ፣ ትንሽ፣ አንዴ ደግሞ..."

ሩብ ሰዓት የሚያህል ጭንቅ አለፈ። ከዚያ እጃቸው ረጋ አለ።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ። መቅረቴን በምን አወቅሽ?"

አላወቀችም። ስድስት ላፕቶፕ ስትቆጥር አንድ ሰው መቅረቱን አላየችም። ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

"የመጣሁት ለላፕቶፖቹ ነው፣ መሪጌታ። እርስዎን የቆለፍሁብዎት እኔው ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

መሪጌታ ጺማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ። "አሁን የምበላው ነገር ፈልጊልኝ።"

አቶ ቢያዝን ከራታቸው ቆርሰው አመጡላቸው። ሰገነት ስድስቱም ላፕቶፖች ያሉበትን ሳጥን የቆለፈችው መሪጌታ ከበሉ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሳይጠይቃት ሁሉንም ነገረችው። ተቆጣ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጻፈባት። ፈርማ ተቀበለችና፣ የቢሮው በር ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ ለአቶ ቢያዝን እንዲሰጥ ጠየቀች።