የቀጭኔ ስንኝ

እኔን ዘፋኝ ብሎ የሚጠራኝ ካለ ተሳስቷል። ዘፈን የተማርኩት እስር ቤት ነው። አሁን ቴአትር ቤቱ ስለ እስረኞች ሙዚቃዊ ተውኔት ሊያሳይ ነውና፣ የክፍላችንን ዘፈን ለተዋንያኑ እንዳስተምር ጠሩኝ።

ስድስት ነበርን። አዝማቹን ሁላችን እንላለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ስንኝ። ተጠርቶ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ግን ስንኙን ማንም አይነካበትም። ተራው ሲደርስ ዝም ብለን፣ ጉልበታችንን በጣት እየመታን ርዝመቱን እንጠብቅለታለን። መጀመሪያ የሄደው ቀጭኔ ነው። ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው፤ ሲተኛ እግሩ የሰው ሆድ ላይ ያድር ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ለእኔ ከወንድምም በላይ ነበር።

ተዋንያኑ ልምምድ ላይ እዚያ ዝምታ ጋ በደረሱ ቁጥር አዘጋጁ ያብዳል። "አባባ፣ ተመልካቹ ቃል ጠፋባቸው ነው የሚለው እኮ! ስንኙን ይስጡን።"

"አንተ ልጅ፣ ተወኝ ብያለሁ! እኔ አደራ በላ አይደለሁም።"

እንዲህ እየተኮፈስኩ ሁለት ሳምንት ሄደ። ትናንት ከሰዓት አንዲት ሴት መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ቁመቷን ሳይ ወዲያው ለየኋት። የቀጭኔ ልጅ ናት! እሱ ሲያዝ ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። ፈልጎ ያመጣት አዘጋጁ ነው፤ አይ ብልጠት!

አጠገቤ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ የአባቴ ፎቶ እንኳ የለኝም። ስንኙን ይንገሩኝ። መድረክ ላይ ባይባልም ግድ የለም፤ ለእኔ ብቻ።"

ለልጁ ያልሰጠሁትን ለማን ላስቀምጠው ነው? "እሺ የኔ ልጅ" አልኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ አዝማቹን ጀመርኩ። ተራው ደረሰ። አፌን ከፈትኩ።

ምንም አልወጣም።

ደግሜ ከመጀመሪያው ተነሳሁ። ጣቴ የስንኙን አስራ ስድስት ምት አንድም ሳያጎድል ጉልበቴ ላይ ይመታል። ቃሉ ግን የለም። ለካ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ዝም ስልለት ረስቼው ኖሯል። ወይኔ ሰውዬው!

"ጋሼ?"

"ጠፋብኝ ልጄ። አንድም ቃል አልቀረኝም። ይቅር በይኝ።" ተዋንያኑ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሷ አላለቀሰችም። እስክረጋጋ ጠበቀችኝና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?"

"የለም" አልኳት። "ከስድስታችን የቀረሁት እኔ ነኝ።"