በቀን ዘጠኝ ራስ

«በቀን ሃያ ስድስት ራስ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የግብር ግምቱን ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ መልሶ እየገፋ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ሃያ ስድስት ሰው ለማዳረስ በእግሬም መሥራት ነበረብኝ።»

ከኋላው ወረፋ የያዙት ሳቁ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው የግብር ሠራተኛ ግን ፊቷን አልፈታችም።

«ጋሼ፣ ገማቾቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው የጻፉት። ሱቅዎ ውስጥ ሃያ ስድስት ሰው ተቀምጦ ነበር ይላል።»

ነበር፤ አይካድም። ግን አብዛኛው የመጣው ለፀጉሩ አልነበረም። ያን ቀን ሰፈሩ መብራት ከጠፋበት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሥራው እንዳይቆምበት ከወንድሙ ትንሽ ጄኔሬተር ተውሶ ስለነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ግልብጥ ብሎ መጣ። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሰዉ በአግዳሚው፣ በመስኮቱ ደፍ፣ ቦታ ያጣውም መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩ እስኪሞላ ወሬውን ሲሰልቅ፣ ሦስቱ ገማቾች ደብተራቸውን ይዘው ከች አሉ። አንደኛው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፣ ሁለተኛው ጻፈ፣ ሦስተኛው «ገበያው ደርቷል» ብሎ ወጣ። የጠየቀ የለም። በዕለቱ ፀጉሩን የተስተካከለው አራት ሰው ብቻ ነበር።

«ከሃያ ስድስቱ አንዱን ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለና የሚስቱን ወንድም በክንዱ ጎትቶ ወደ መስኮቱ አቀረበው። «አውልቅ እስቲ ኮፍያህን።»

አማቹ ኮፍያውን አወለቀ። ለመድኃኒት የሚሆን አንዲት ፀጉር እንኳ ራሱ ላይ የለችም።

«ይኸው! ከዚህ ላይ ምኑን ነው የማስተካክለው?»

«እኔ ማበጠሪያ ከገዛሁ ሃያ ዓመቴ» አለ አማቹ ኮራ ብሎ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች። ቀና ስትል ድምጿ ለስልሶ ነበር። «ይገባኛል ጋሼ። ግን ቁጥሩን መሰረዝ አልችልም፤ ከላይ የወረደ ኮታ አለ። ሀገሪቱ ዕዳ አለባት፤ ሁላችንም ካልተጋራነው ማን ይከፍለዋል?»

ዕዳ ሲባል ደሙ ፈላ። አዳራሹን ዞር ብሎ አየው። ወለሉ አዲስ እብነ በረድ ነው፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ብቻውን የእሱን ሱቅ ያክላል፤ ደጅ ላይ የወንበራቸው ላስቲክ ያልተገፈፈ አምስት መኪኖች ተደርድረዋል። የሰፈሩ የመብራት ምሰሶ ግን እስከ ዛሬ በገመድ ታስሮ እንደተንጋደደ ነው።

«ሲበደሩ ያማከረኝ የለም፤ ሲያወጡትም ያሳየኝ የለም። ሲከፈል ነው ስሜ የሚታወሰው። ግብር አልከፍልም አላልኩም! ለመንገድ፣ ለሐኪም ቤት ከሆነ ከጉሮሮዬ ነጥቄ እከፍላለሁ፤ አስራ ስምንት ዓመትም ከፍያለሁ። ግን መብራት አጥፍታችሁብን፣ በጨለማ የተቀመጠውን ሰው ገቢዬ ነው ትሉኛላችሁ?»

«እውነቱን ነው!» አለ ከወረፋው አንድ ድምፅ።

ልጅቷ ወደ ኃላፊዋ በር ሰረቅ አድርጋ አየችና ሁለት ቅጾች አወጣች። «ምክሬን ይስሙ ጋሼ። ይሄኛው "ግምቱን ተቀብያለሁ" ነው የሚለው። ከፈረሙበት በግማሽ ይቀነስልዎታል፣ ዛሬውኑ ያልቃል። ያኛው ይግባኝ ነው። እሱን ከሞሉ ግን ውሳኔ እስኪመጣ ሱቅዎ ሊታሸግ ይችላል።»

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ወረፋው ውስጥ ያለ ጎረቤት ወዲያው ደውሎ ነግሯታል።

«በግማሽ ይቀንሳሉ አሉ እኮ! ፈርመህ ና በቃ። ሁለት ልጆችና የቤት ኪራይ ያሉት በዚያች ሱቅ ላይ ነው። ዝም አይነቅዝም።»

ስልኩን ዘጋው። ፈራ፤ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ግማሹ አስራ ሦስት ራስ ነው። እውነቱ ዘጠኝ ስለሆነ፣ ቢፈርም አራቱን ስደብቅ ኖሬያለሁ ማለቱ ነው፤ የከርሞው ግምትም ከአስራ ሦስት ሊነሳ ነው። የሌላ ሰው ሳንቲም ነክቶ የማያውቅ ሰው በገዛ እጁ ሌባ ነኝ ብሎ ሊጽፍ ነው። የይግባኙን ቅጽ ሳበና «በቀን ዘጠኝ ራስ፤ በበዓል ሰሞን አስራ አምስት» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

ሚስቱ መልሳ ደወለች። «ፈረምክ?»

«ፈረምኩ፤ ይግባኙ ላይ።»

«ቢያሽጉትስ?»

«ወንበሩን ግቢያችን አውጥቼ እሠራለኋ። ዝም ባይነቅዝም፣ ዝም ባዩ ይነቅዛል።»

«አንተ ሰው፣ መቼም አትመከርም» አለች፤ ድምጿ ግን ያን ያህል አልተቆጣም። «ለማንኛውም ቶሎ ና።»

ሊወጣ ሲል ከኋላው የነበረችው ልብስ ሰፊ እጅጌውን ያዘችው። «ወንድሜ፣ እኔም ላይ ልብስ ልትለካ የመጣች ሙሽራን ከነአጃቢዎቿ ቆጥረውብኛል። ያንን ቅጽ እንዴት ነው የሚሞሉት?»

ፀጉር አስተካካዩ ወረፋውን ቃኘ። ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት። ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ልጄ፣ የይግባኝ ቅጽ ስንት አለሽ?»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ እስሩን እንዳለ በቀዳዳው አሾልካ ሰጠችው። እሱም እንደሚያመሽ ለሚስቱ እንዲነግርለት አማቹን ወደ ቤት ላከው፤ አግዳሚው ላይ ልብስ ሰፊዋን አጠገቡ አስቀምጦ ብዕሩን ከፈተ።

«በይ፣ እውነተኛውን ቁጥር ንገሪኝ» አላት።