ቦራ፣ ክፍል ሁለት

«አቁመው! አቁመው ነው የምልህ!»

ይኸነው ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ብድግ ሲል ቴሌቪዥኑን ጋረደው። «ተቀመጥ!» የሚል ጩኸት ከኋላው ወረደበት። የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ግማሾቹ ፈረሳቸውን ውጭ አስረው ሀብቱ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ታጭቀዋል። ቀልድ አይደለም፤ «ባዶ ኮርቻ» ክፍል ሁለት ገብቷል።

የመጀመሪያው ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላው አገር ረስቶት ይሆናል፤ ዳንግላ ግን አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ያየዋል። ገበሬው ግንባረ ነጭ ከሆነው ፈረሱ ከቦራ ጋር ሲያወራ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ ቀድሞ ይናገርለታል። መጨረሻ ላይ ቦራ ይሞታል። ገበሬው ኮርቻውን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያ ላይ ሲደርስ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሀብቱ ራሱ አፍንጫውን ይናፈጣል።

አሁን ታዲያ ቦራ አልሞተም ተባለ። ለካስ ራሱን ስቶ ኖሯል! ከጫካው ውስጥ እየጋለበ ብቅ አለ።

«ሀብቱ፣ እስቲ ግንባሩን እየው!» አለ ይኸነው። «ኖራ ነው የቀቡት። ሲያልበው እየወረደ አይደል? ደግሞ ይች ባዝራ ናት!»

ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየ። እውነትም ባዝራ ናት። አዊ ምድር ላይ ወንዱን ፈረስ ከሴቷ የማይለይ ሰው ከየት ይመጣል? ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እና እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አለ ሀብቱ። «እኔ አልሠራሁት!»

«ፈረሱ ከተመለሰስ ኮርቻው ምኑ ነው ባዶ? ስሙን እንኳ አልለወጡትም እኮ!»

ሌላው ይሳቅ እንጂ ይኸነው የምሩን ከፍቶታል። ከሁለት ዓመት በፊት የራሱ ቦራ፣ ዘጠኝ ዓመት ጋሪ የጎተተለት ግንባረ ነጭ ፈረስ፣ ሆዱን ነፍቶት ባንድ ቀን ሞተበት። ይኸነው ልጓሙን ትከሻው ላይ ጥሎ ከገበያው እስከ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ፣ ያየው ሁሉ ዝም ብሎ መንገድ ለቀቀለት። አንድም የቀለደበት የለም። ሁሉም ያንን ፊልም ያውቁታላ! ለፈረስ ማዘን እንደማያሳፍር ይኸነው የተማረው ከዚያ ነው። ዛሬ ደግሞ አልሞተም ሲሉት ሐዘኑን የቀሙት መሰለው።

«የሞተውን ተውልን!» ብሎ ወጣ።

ከገበያ የተመለሰችው ሚስቱ ውዴ ጋሪው ላይ የድንች ጆንያዋን ተደግፋ ትጠብቀው ነበር።

«ምነው ቶሎ ወጣህ? አለቀ?»

«አበላሹት እንጂ! ያንን የመሰለ ፊልም! ሌላ ፈረስ አምጥተው ቦራ ነው ይሉናል። ያችስ ባዝራ ምን በደለች? የራሷ ስም የላትም?»

ውዴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ሳቋን ደበቀች።

ይኸነው መቀመጫው ላይ ወጥቶ ዛቡን ለቀቅ አደረገ። «ሂድ፣ ቦራ!»

ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ከግንባሩ እስከ ኮቴው ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ የነጭ ጠብታ አልነካውም። ይኸነው ግን ከአዘና ገዝቶ ካመጣው ቀን ጀምሮ ቦራ ይለዋል። ጆሮ የሌለው ደንቆሮ ነው እያለ ሲያማውም ዓመት ሞላው።

«ሂድ እንጂ፣ ቦራ!»

ከኋላ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን አምባረቀ። ያኔ ውዴ ጎንበስ አለችና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዳሙ፣ እንሂድ» አለች።

ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ሲነሣ ይኸነው ከመቀመጫው ከመውደቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዛቡን ስቦ አቆመው።

«ዳሙ ማን ነው?»

«እሱ ነዋ። ገብስ ስሰጠው የምጠራበት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣ ጀምሮ። በሟች ስም ሲጠሩት ይከፋዋል።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«የዚያን ልጓም ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ስታየው አሳዘንኸኛ።»

ይኸነው ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሲጮህበት የቆየው ሁሉ ወደ ራሱ ዞረበት፤ ኖራ መቀባት ብቻ ነው የቀረው። ጆሮው ድረስ አፈረ።

ሀብቱ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ይኸነው! ሰዉ የመጀመሪያውን ክፈትልን ብሎ ሊበላኝ ነው። ና ግባ፣ ከመነሻው ነው የምጀምረው!»

ይኸነው በሩን አየ፤ ከዚያ የፈረሱን ዳማ ጀርባ አየ።

«ዛሬ እናንተው አልቅሱለት» አለ።

ዛቡን ለቀቅ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ለልጁ ስም እንደሚያወጣ አባት ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«በል እንግዲህ... ዳሙ።»

ፈረሱ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ መልሶ አዳመጠው። ከዚያ ሄደ።