ለዙሀይራ ምን ይለመን?

የወንድሜ ልጅ ዙሀይራ ሁሉን ነገር ትወዳለች፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሮቤ ገበያ ያለው ስፌት ቤቴ ስትመጣ የሙሽራ ቀሚስ ትቆርጣለች። አባቴ ሐጂ ባዳሳ ዘንድ ስትሄድ የታመመ ፈረስ ታስታምማለች። አዝመራ ሲደርስ ደግሞ አባቷ፣ ታናሽ ወንድሜ ዘይነዲን፣ ስንዴ የሚያጭድበት ኮምባይነር ላይ ተሰቅላ አጋርፋና ገሰራን ትዞራለች፤ ስትመለስ ከጥርሷ በቀር ነጭ ነገር አይታይባትም። እጇን ሳልፈትሽማ ጨርቅ አላስነካትም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሰኞ የምትማረውን ትመርጣለች። እኛ ቤት ደግሞ ዱዓ ሳይደረግ ምንም ነገር አይጀመርም። ስለዚህ ከጁምዓ በኋላ አባቴ ቤት ተሰበሰብን። ልማዳችን እንዲህ ነው፦ ትልቁ ሰው ጉዳዩን በስሙ ጠርቶ ይለምናል፣ የቀረነው አሚን እንላለን። ስሙ ያልታወቀ ጉዳይ አይለመንም።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው «ያ አላህ፣ ይህችን ልጅ ጥሩ የከብት ሐኪም አድርግልን» ከማለታቸው ዘይነዲን ጣልቃ ገባ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኢንጂነር ነው የምትሆነው። ነግራኛለች።»

«ለማን ነው የነገረችው?» አልኩ እኔ። «የልብስ ዲዛይን ነው እንጂ የምትማረው! ሱቁን አብረን ልናሰፋው ተስማምተናል እኮ።»

ሁላችንም ዞረን አየናት። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ መሬት መሬት ታያለች። ለካ ለሦስታችንም እሺ ብላናለች! ደሜ ፈላ። ልጮህባት አፌን ስከፍት እንባዋን አየሁና ዋጥ አደረግኩት።

«ዋሽቼ አይደለም፣ አዳዳ» አለችኝ፤ እኛ ጋ የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። «አንቺ ጋ ስሆን የምፈልገው ስፌት ነው። አባባ ጋ ስሆን ፈረሶቹን። አንዱን ስመርጥ ሌሎቻችሁ የምትቀየሙኝ ይመስለኛል።»

አባቴ የዘረጉትን እጅ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ፈረሶቹን ማን ይወስድብሻል? በመጣሽ ጊዜ እዚሁ ናቸው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ነገር ሲበላሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ የትኛው ነው?»

አሰበች። «ቀሚስ ቢበላሽ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ፈረስ ሲታመም አዝናለሁ፤ ግን እርስዎ አሉ ብዬ እተኛለሁ። ኮምባይነሩ ማሳ መሀል ሲቆም ግን ለምን እንደቆመ ሳላውቅ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።»

«እውነቷን ነው» አለ ዘይነዲን። «እኔንም ጦሜን ታሳድረኛለች።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ ከልቤ አልመጣልኝም። ምን እደብቃለሁ፣ ከፍቶኝ ነበር። አልወለድኩም፤ ስፌት ቤቴን የማስበው ለእሷ ነው። መቀስ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቁመቷ ከጠረጴዛው ሳያልፍ ጀምሮ ከጎኔ ስትቀመጥ ሱቁ የሚሞላልኝ በእሷ ነበር።

አባቴ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። የገዛ ፈረሶቻቸውን ትተው ስለ ሞተርና ስለ ብረት ለመኑላት፤ ስሙን የማያውቁት ዕቃ ላይ ሲደርሱ ዘይነዲን በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። «አሚን» አለ ዘይነዲን። «አሚን» አለች እናቷ ፈርዶሳ።

ዱዓው አለቀና ሁሉም በመዳፉ ፊቱን ዳበሰ። ዙሀይራ ብቻ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አለቀ እኮ» አልኳት።

«ያንቺን አልሰማሁም፣ አዳዳ።»

ይህቺ ልጅ መቼም አንጀቴን መብላት ታውቅበታለች።

«አሚን!» አልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ያን ጊዜ ፊቷን ዳበሰች።