የምድር ቤቱ መቀርቀሪያ

ሎርና ኩቸራ ቂመኛ ሴት አልነበረችም። ለወጉ ያህል አይደለም ይህን የምለው። ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ከኋላዋ ማስቲካ ሲለጥፍና ስም ሲያወጣላት ከርሞ አንዱንም ለወላጁ ከሳ አታውቅም። ቂም የያዛት በአርባ አራት ዓመቷ፣ በጥር ወር፣ ሰኞ ቀን ነው። ያስያዘቻት ደግሞ የባሏ እህት ማርዴል ናት።

ሎርናና ባሏ አርለን ልጅ አልወለዱም። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በሐምሌ፣ ወላጅ የሌላቸው ሁለት ልጆች ከኮሎምቢያ ለአምስት ሳምንት በእንግድነት መጡላቸው። ዬሴኒያ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ ዱቫን አምስት። ዱቫን እህቱ ቀድማ ካልቀመሰችለት እህል በአፉ አይዞርም። ዬሴኒያም የራሷንና የወንድሟን ልብስ አጥፋ አንድ ትራስ ሥር ነበር የምታስቀምጠው፤ ድንገት ተነሡ ቢባሉ አብረው እንዲነሡ ነዋ። ልጆቹ ተመልሰው የሄዱ ለት አርለን ጎተራው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። በሳምንቱ የጉዲፈቻውን ማመልከቻ አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ያልቀረበ ወረቀት የለም። አሻራ ሰጡ፣ ሐኪም አያቸው፣ የጉድጓዱ ውሃ ተመረመረ፣ የመስኮቱ ስፋት ሳይቀር ተለካ። ክፍሉ ቀለም ተቀብቶ ሁለት አልጋ ገባበት። ሎርና በየማታው እየገባች ያልተተኛበትን አንሶላ ታቃናለች። በቃ ደረስን ሲሉ ነው እንግዲህ ያ ደብዳቤ የመጣው።

ደብዳቤውን ወጥቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያነበበችላት ጉዲፈቻውን የምትመረምረው አዲሷ አጣሪ ናት። ናዲን ትባላለች፤ የቀድሞዋ አጣሪ ጡረታ ወጥታ በምትኳ ከቦስተን ከመጣች ገና ስድስት ሳምንቷ ነው። ነብራስካ ውስጥ በነፋስ መሄድ እንኳ ገና አልለመደችም።

“ፊርማ የለውም” አለች ናዲን። “‘ሰማዩ ጥርት ባለበት የሐምሌ ቀን፣ ልጆቹ እያለቀሱ ጓሮ ወዳለው ጉድጓድ ገፍትራ አስገብታ በላያቸው ቀረቀረችባቸው። በዓይኔ አይቻለሁ’ ይላል። እውነት ነው?”

“ቀርቅሬአለሁ” አለች ሎርና። “እኔም አብሬ ውስጥ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ አልነበረም፤ ቤት የሚነቅል አውሎ ነፋስ፣ ቶርኔዶ ነበር።”

“ይገባኛል። ግን የተከሰሰ ሰው ሁሉ ምክንያት አለው። ከባለቤትዎ ሌላ ያየ ሰው አለ?”

አርለን የዚያን ዕለት ከተማ እህል ሊያስመዝን ሄዶ ነበር። ሎርና መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያየ ሰውማ ነበር። በዚያ ጓሮ ባለው የነፋስ መሸሸጊያ ምድር ቤት ውስጥ አራት ሰው ነበር፤ ሁለቱ ልጆች፣ እሷ፣ እና ማርዴል።

ማርዴል ከመንገዱ ማዶ፣ በጎማ የሚጎተት ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ምድር ቤት የላትም። የዚያን ዕለት የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሎርና ልጆቹን ይዛ ወርዳ በሩን ከቀረቀረች በኋላ ነው ከላይ ድብደባ የሰማችው። በዚያ ነፋስ በር መክፈት እብደት ነው። ከፈተች። በሩ ክንዷን ገንጥሎ ሊወስደው ምንም አልቀረው፤ ማርዴልን በኮሌታዋ ጎትታ አስገብታ፣ ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው መልሰው ቀረቀሩት። ያ ትከሻ እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዛታል። እንግዲህ ለዚያ ትከሻ የተከፈለው ምስጋና ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ተነበበላት።

ለምን ይመስላችኋል? ለመሬቱ ነዋ። አርለን ያለ ልጅ ከሞተ የኩቸራ መሬት ለማርዴል ልጅ ለትሮይ ነው። ትሮይ የምሥራቁን እርሻ ከአሁኑ እያረሰው ነው፤ ማርዴልም በልቧ የድንበሩን አጥር ካፈረሰችው ሰንብታለች።

ናዲን ቦርሳዋን ስታነሣ አንድ ነገር ጨመረች። “ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ያሉት የጉዲፈቻ ኃላፊዎች እስከ መጋቢት መጨረሻ የተጣራ ፋይል ካልደረሳቸው ሁለቱን ለየብቻ ለሌላ ቤተሰብ ያቀርቧቸዋል። ትንሹን የሚፈልገው ብዙ ነው። ትልቋን ግን እንጃ።”

ሎርና ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየችም። አንድ ትራስ ሥር የታጠፈው ልብስ ነው ዓይኗ ላይ የሚመጣባት። የማን ሥራ እንደሆነ ለአርለን አልነገረችውም፤ ፊርማ የሌለው ክስ መጥቷል ብላ ተወችው። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው ማርዴል ናት፤ ቢነግሩት በቀጥታ ሄዶ ይጠይቃታል፣ እሷም ታለቅስበታለች፣ እሱም ያምናታል። ናዲን ብትጠይቃትም ያው ነው። “የምን ምድር ቤት? ትዝም አይለኝ” ትላለች ማርዴል፤ አለቀ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ማርዴል በሩ ላይ ጠብቃ አቀፈቻት።

“ምነው ከሳሽ የኔ እናት? ከቦጎታ ወሬ የለም?”

“የለም።”

“አይዞሽ። በየማታው እጸልይላችኋለሁ።”

ሎርና ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ቀደም ሲል በቅዳሴው ‘የበደሉንን ይቅር እንደምንል’ የሚለው ላይ ሲደረስም አፏን ዘግታ ነው ያሳለፈችው። ይቅር ልትል አላሰበችም፤ ያላሰበችውን ደግሞ ለእግዚአብሔር አትዋሽም።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቁርስ ነበር። በዚያ አገር ሁለት ሰው ቡና ይዞ ከተቀመጠ ወሬው ቶርኔዶ ነው። ሁሉም የየራሱ አለው፤ አንዱ ላሙን ዛፍ ላይ አገኘሁ ይላል፣ ሌላው ጣራዬ ሦስት መንደር አልፎ ወደቀ ይላል። ማርዴል ግን ጉልላታቸው ናት። የሷ ወሬ የዚያ የሐምሌው ነው፤ አርባ ጊዜ ተናግራዋለች፣ በተናገረች ቁጥርም ነፋሱ ይከፋል፣ ማርዴል ትጀግናለች። የዚያን እሑድም ለአንድ አዲስ ጎረቤት ከሀ እስከ ፐ ስታወራለት ሎርና ከኋላዋ ሳህን እየሰበሰበች ነበር።

ሳህኑን ይዛ ቆመች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወሬውን በቃሉ ያውቀዋል፤ አርባ ምስክር ጠርታ ናዲን ፊት ማሰለፍ ትችል ነበር። ሎርና ግን ምስክር አልነበረም የፈለገችው። ማርዴልን ነው የፈለገችው፤ በገዛ አፏ፣ አርለን ፊት።

በየወሩ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ለሙከራ ይጮሃል። ሰማይ ጥርት ብሎም ይጮሃል። የአገሩ ሰው ሰዓቱን ያስተካክልበታል እንጂ ከወንበሩ አይነሣም። ሎርና ለናዲን ደወለችላት።

“መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ምሳ ይምጡ። የባለቤቴንም እህት ይተዋወቋት፤ ልጆቹን በደንብ ታውቃቸዋለች።”

ለማርዴልም መንገዱን ተሻግራ ነገረቻት። “አጣሪዋ ትመጣለች። ስለኔ አንድ መልካም ቃል ብትናገሪልኝ ብዬ ነው።”

“ምን ጥያቄ አለው” አለች ማርዴል። ዓይኗ ሲያበራ ሎርና አየችው።

ረቡዕ ማርዴል የእሑድ ጉትቻዋን አድርጋ፣ በደረቀ ፕሪም የሞላችውን ኮላቼ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ በሳህን ይዛ መጣች። ከናዲን አጠገብ ተቀመጠች። ሥጋው ሳይቆረስ ሥራዋን ጀመረች።

“ሎርና ልቧ ወርቅ ነው፣ የኔ ልጅ። ቁጣዋ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቶሎ ይበርዳል።”

“ምን ዓይነት ቁጣ?” አለች ናዲን።

“ኧረ ምንም አይደል። የሰው ነገር ማውራት አልወድም።”

አርለን ለእህቱ ድንች ጨመረላት። ሎርና ሰዓቱን እያየች ዳቦ ቆረሰች።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ጮኸ። ናዲን ሹካዋን ጥላ ብድግ አለች፤ ፊቷ ነጣ። ሌላው ሰው ንቅንቅ አላለም። አርለን ቅቤውን ወደ እህቱ ገፋ አደረገላት።

“ሙከራ ነው፣ ይቀመጡ” አላት። “በየወሩ ነው።”

“እውነተኛውስ ሲሆን ምንድን ነው የምታደርጉት?”

ሎርና ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ ጠበቀች። ማርዴል አፏን በናፕኪን ጠራረገች፤ ወንበሯን ወደ ናዲን አዞረች። አቤት ያቺ ሴት ሳይረን ሰምታ ዝም ማለት ብትችል ኖሮ፣ መሬቱ እስከ ዛሬ የልጇ በሆነ።

“እውነተኛውንማ እኔን ጠይቂኝ” አለች። “ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በሐምሌ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ የኔ ልጅ፣ አረንጓዴ። ከቤቴ ስወጣ ከኔ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ውጪ የለም፣ ድመት እንኳ የለም። መንገዱን በደረቴ እየተሳብኩ ተሻግሬ እዚሁ ጓሮ ያለውን ምድር ቤት ደበደብኩ። ሎርና ልጆቹን ይዛ ወርዳለች። ከፈተችልኝ። ነፋሱ በሩን ሊወስደው ሲል ማን ያዘው? እኔ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ‘ቀርቅሪው ሎርና፣ ቀርቅሪው፣ አለበለዚያ አለቅን’ ብዬ ጮህኩ። እኔና እሷ ተረባርበን ቀረቀርነው። እኔ ባልኖር እነዚያ ልጆች ዛሬ...”

ናዲን ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት ስታወጣ ማርዴል ገና ወሬዋ ላይ ነበረች። ከዚያ ወረቀቱን አየችው። አፏ ክፍት እንዳለ ድምፅዋ ቆመ።

ናዲን ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው። ሳይረኑ በመካከል ጸጥ አለ። ‘በዓይኔ አይቻለሁ’ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ማርዴልን አየቻት።

“ውጪ ማንም አልነበረም አሉኝ” አለች ናዲን ለማርዴል። “ልክ ሰምቻለሁ?”

አርለን በገበሬ ጣቶቹ ቀስ ብሎ ይቆጥር ነበር።

“አራት ሰው ነው እዚያ የነበረው” አለ። “ሁለቱ እንግሊዝኛ አይጽፉም። ሎርና ራሷን አትከስም።” ቀና ብሎ እህቱን አያት። “እኔ አንድ ነገር ብያለሁ ማርዴል? ለልጅሽ ቦታ የለም ብያለሁ?”

“አርለን፣ እኔ ለቤቱ ብዬ...”

“ትሮይ ዘንድሮ የምሥራቁን እርሻ አያርስም። ንገሪው።”

ሎርና ደስ አላት። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አላት። የማርዴል አንገት ከጉትቻው በታች ሲቀላ አየችና ዓይኗን አላነሣችም። የባሏ ፊት መጎዳቱን ያየችው ዘግይታ ነው፤ እሱ አሳዘናት፣ ማርዴል ግን አላሳዘነቻትም። ናዲን ወረቀቷ ላይ ስትጽፍ ቆይታ “ፋይሉ ነገ ይሄዳል” አለች።

ማርዴል ካፖርቷን ስትለብስ ሎርና እስከ በሩ ሸኘቻት።

“ሆን ብለሽ ነው” አለቻት ማርዴል በዝግታ።

“ኮላቼሽን አትርሺ” አለችና ሳህኑን አስጨበጠቻት።

ልጆቹ በግንቦት መጨረሻ ገቡ። ዬሴኒያ በመጀመሪያው ማታ የሁለቱንም ልብስ አጥፋ አንድ ትራስ ሥር ከተተችው። ሎርና አይታ ሳትነካው ተወችው። ይህ በጊዜ የሚፈታ ነገር ነው።

በሰኔ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሳይረኑ ጮኸ። ማክሰኞ ሙከራ የለም። ሰማዩ አረንጓዴ ነበር። አርለን ዱቫንን አቅፎ፣ ሎርና ዬሴኒያን ይዛ ወረዱና ቀረቀሩት። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ድብደባ መጣ።

“ሎርና። ክፈቺ፣ ሎርና።”

የሎርና እጅ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። አርለን አያት፤ የሷ ውሳኔ ነበር። ድብደባው ደገመ። ሠለሰ። ሎርና እያንዳንዱን ምት በዚያ በታመመ ትከሻዋ ትሰማው ነበር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ጊዜ ስትከፍት ምን እንደተከፈላት አሰበች፤ እጇ ብረቱ ላይ ጠበቀ።

“አክስቴ ናት” አለች ዬሴኒያ። “ለምን አንከፍትላትም?”

ሎርና የልጅቷን ፊት አየች። እንዲያ እየጠየቀች የምታያትን ልጅ ፊት አይታ በር ዘግታ መቆየት አልሆነላትም። ከፈተች። ነፋሱ ማርዴልን ደረጃው ላይ ወረወራት፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል፣ አንድ ጫማዋ የለም። ዱቫን ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ማርዴል ልትቀመጥ ስትል ሎርና ክንዷን ያዘቻት። በሩ ከላያቸው ይንጓጓል፤ አርለን በሁለት እጁ ስቦ ይዞታል።

“ገና ነሽ” አለች ሎርና። “ቀርቅሪው።”

“እኔ?”

“አንቺ። ልጆቹ ይኸው ውስጥ ናቸው። ቀርቅሪባቸው።”

ማርዴል ልጆቹን አየች። ዱቫን እያለቀሰ ነበር። ወደ በሩ ዞረች፤ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ሎርና አላገዘቻትም። በሦስተኛው ገባላት።

ከዚያ ወዲህ ሳይረን በጮኸ ቁጥር፣ መንገዱን ተሻግራ የመጣችው ማርዴል ሳትጠየቅ በሩን ትቀረቅራለች። ሎርና ልጆቹን በግራና በቀኝ አቅፋ ተቀምጣ ታያታለች። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አሁንም ስለ ቶርኔዶ ይወራል፤ ማርዴል ግን ቡናዋን ይዛ ዝም ነው የምትለው።