አንድ ቃል ሲቀረው

ለሚመለከታችሁ ሁሉ! በሦስተኛ ፎቅ የሚገኘው የአስተርጓሚው የቤት ኮምፒውተር ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ በዚህ ወር ብቻ ለዘጠነኛ ጊዜ፣ ስታክ ማድረጉን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ማውሱ አይነቃነቅም። ሰዓቱ ቆሟል። ማራገቢያው ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይሽከረከራል።

አስተርጓሚው ለሐዘን ጊዜ አልነበረውም። ስክሪኑ ላይ አንገታቸው በፋሻ የታሰረ አንድ ሽማግሌ ከሆስፒታል አልጋቸው ሆነው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀርተዋል። ሐኪማቸው በእንግሊዝኛ የተናገረችው ግልጽ ነበር። እሱም ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሮ "ከጉሮሮዎ የወጣው እብጠት ካንሰር…" እንዳለ ነው ሁሉም ነገር ቀጥ ያለው።

አማርኛ ነውንም አይደለምንም አርፍዶ የሚያመጣ ቋንቋ ነው፤ ሰውን እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ወንበር ሰጥቶ ያስጠብቃል። ሽማግሌው "ካንሰር" የሚለውን ሰምተዋል። "አይደለም" የሚለው የአስተርጓሚው ምላስ ላይ ቀርቷል።

"አይደለም!" ብሎ ጮኸ ለደረቀው ፊት። "አይደለም እኮ! አይደለም!"

በሩ ተከፈተና እናቱ አንገቷን አስገባች።

"ዛሬም ስትሮክ መታው?"

"ስታክ ነው እማዬ። ስትሮክ አይደለም።"

"ያው ነው። ሁለቱም ሰው ሲናገር ነው አፍ የሚይዙት።"

ስልኩ ጮኸ። የአስተርጓሚዎች አገናኝዋ ነበረች፤ ሰላምታ አልሰጠችም።

"ሌላ ሰው ለማግኘት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብን። ታውቃለህ አይደል?"

"ሰውየውስ? ነገራችኋቸው?"

"ተነገራቸው። አላመኑም። 'ያ ሰውዬ ይምጣ፣ አንድ ቃል ይቀረዋል' ብለው ድርቅ አሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጣቸውንም ምክር ከአንተ በቀር ከማንም አልሰማም ብለዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ትገባለህ።"

"በሌላ ኮምፒውተር ልግባ?"

"የተመዘገበልህ አንድ ነው። የበሽተኛ ምስጢር እኮ ነው፤ በየጎረቤቱ አይዞርም። ደግሞ ከእንግዲህ አንዴ ብትቋረጥ ስምህ ከዝርዝሩ ይወጣል። የማወጣው እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው።"

ሲስተማችሁስ ስታክ አያደርግም ወይ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ሪስታርት" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ለኮምፒውተርም ለትዳርም ለጨጓራም መድኃኒቱ "አጥፍተህ አብራው" የሚል ስለሆነ። በዚህ ወር ውስጥ ሚሞሪውን ቀይሯል፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጓል፣ ቫይረስ አስሷል፣ ዊንዶውሱንም ሁለት ጊዜ ከስሩ ነቅሎ ጭኗል። ኮምፒውተሩ በእሱ ፊት አንድም ቀን ስታክ አድርጎ አያውቅም።

"ያፍረኛል" አለ የኮምፒውተሩን ጎን እየፈታ። "ጋሼ፣ እንዲያውም አንተ ነህ የምታናድደው። በሐኪም ቋንቋ ከጠዋት እስከ ማታ ስትነዘንዘው!"

እናትየዋ እንደ ልማዷ እንግዳ መጣ ብላ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ ደራርባለች።

"ምን ትላለህ ታዲያ፣ ይድናል?" አለችው።

"ይድናል እማማ። የውስጡን ሁሉ አይቼዋለሁ፣ እንደ እርስዎ ዓይን ጥርት ያለ ነው።"

ኮምፒውተሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ከፈተለትና ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጨነቀው። ምንም። ሦስት ፊልም በአንድ ላይ አስከፈተው። ምንም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሪስታርት ተሸነፈ።

"ፓወር ሳፕላዩ ደክሞ ይሆናል። ሄጄ አዲስ ላምጣ። ለስምንት ሰዓት እደርሳለሁ።"

"ባትደርስስ?"

"አጥፍተህ…"

"ውጣ!"

በሩ ሲዘጋ እናቱም ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። አስተርጓሚው ብቻውን ቀረ። ሆዱ ባዶ ነው፤ ቢሆንም እህል አልታየውም። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለመሞከር ያህል የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀና ሽማግሌውን ከፊቱ አስቀምጦ ይናገር ጀመር። "ይህን መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ይወስዳሉ። ትኩሳት ከተሰማዎ…" በአራተኛው ደቂቃ ማውሱ ቀጥ አለ።

አጠፋ። አበራ። (ሪስታርት ይህን ባያይ ይሻላል።) እንደገና ሲጀምር ጆሮው አልቦት ስለነበር አንዱን ጎን ገፋ አደረገው። "ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ። ቁስሉ ውሃ…"

ትርርርርርር።

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። የጠረጴዛው መብራት ዓይኑን ጨፈን፣ ገለጥ አደረገ። ማውሱ ቆመ።

አስተርጓሚው ከመቀመጫው ተነሳ፤ መናገሩን ግን አላቆመም። ለምን እንዳላቆመ እሱም አያውቅም። "ቁስሉ ውሃ እንዳይነካው፣ ፋሻው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል" እያለ በካልሲው ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። የእናቱ በር ጋ ሲደርስ ምክሩ አለቀበትና ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አለ። ትርርርሩም ዝም አለ። "ማጨስ ክልክል ነው!" አለ ጮክ ብሎ፣ ሌላ ስላልመጣለት። ትርርርርር።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች።

አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሞራው ከዓይኗ ሲወጣላት ሐኪሙ ሁለት ወር እንዳትሰፋ ብሎ ነበር። ልጇ ይህችን ሁለት ወር እንደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያራዝማት፣ ሲያራዝማት አሥራ አራት ወር አድርሷታል። መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልሎ አልጋ ሥር የከተተውም እሱ ነው። "አሁን የማረፊያሽ ጊዜ ነው እማዬ" ሲላት "እሺ የኔ ጌታ" ብላዋለች። ጭኗ ላይ የተደራረቡትን እጆች ያየ ሁሉ "ታድላ፣ እንዴት አርፋለች" ይል ነበር። ይሄንንም ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ራሱ ነው።

የምትሰፋው ልብስ አልነበረም። ያንኑ መኪናዋ የተጠቀለለችበትን አንሶላ ነው። ቀጥ ያለ መስመር፣ ከአጠገቡ ሌላ መስመር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ነጭ ቦታ የቀረው በአንድ ጥግ ብቻ ነው። እሱ ማዳመጫውን አጥልቆ በተናገረ ቁጥር፣ በድምፁ ተሸፍና፣ ወር ሙሉ መስመር ስትጨምር ኖራለች።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። "እማዬ" ቢል በቂ ነበር። ደንግጣ መኪናዋን ትነቅላለች፣ "ይቅርታ የኔ ጌታ" ትላለች፣ አልጋ ሥር ትመልሳለች። እጆቿም ወደ ጭኗ ይመለሳሉ። ችግሩ ለዘላለም ይፈታል።

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። አነሳው።

"የሚያጠራጥርዎ ነገር ካለ ይጠይቁ" እያለ ወደ ኋላው ሄደ፤ ድምፁን ሳይቀንስ፣ እስከ ኩሽና ድረስ። መኪናዋ የምትስበው ከክፍሎቹ መስመር ነው፤ የምድጃው መስመር ግን ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ክፍሎቹ እንደበሩ ይቀራሉ፣ ይህን ያውቃል። ምድጃውን ነቀለ። ከቁምሳጥን ውስጥ ረጅሙን ማራዘሚያ አውጥቶ ሰካ፣ ኮሪደሩን በገመድ አቋርጦ ኮምፒውተሩን በዚያ አስነሳው። ይሠራ አይሠራ የሚፈትንበት ጊዜ አልቀረውም። ሰዓቱ ስምንት ሲል ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባቴ።"

"በል ጨርስልኝ። ከመጀመሪያው።"

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቀጥል ማለቷ ነው። አስተርጓሚው አንዱን ጆሮውን ከማዳመጫው ነፃ አደረገ።

"ከጉሮሮዎ የወጣው እብጠት…"

ትርርርርር።

መብራቱ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው አይንቀሳቀሱም። ደርቀው ይሁን ትንፋሻቸውን ይዘው መለየት አልቻለም።

"…ካንሰር…"

የሽማግሌው አንድ ቅንድብ ከፍ አለ።

"…አይደለም።"

"አይደለም" አሉ ሽማግሌው። ፋሻቸውን ዳሰሱት። "ጠዋት እኮ ጫማዬን ለታናሽ ወንድሜ አውርሼው ነበር። አሁን ሳስበው ለካ እግሩ ትልቅ ነው፣ አይገባውም።"

አስተርጓሚው ይህንንም፣ ግዴታው ነውና፣ አንድ ቃል ሳያጎድል ለሐኪሟ ተረጎመላት። ከዚያ መድኃኒቱን፣ ፋሻውን፣ ትኩሳቱን። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ከግድግዳው ማዶ መኪናዋ አልተኛችም።

ሪስታርት አዲስ ፓወር ሳፕላይ በብብቱ ይዞ ሲገባ ገመዱ ጠልፎት ሊደፋ ለጥቂት ተረፈ።

"ምንድን ነው ይሄ? ጋሼ! ተቋረጠ?"

"አልተቋረጠም።"

እናትየዋ እንግዳ ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። "ዳነ?" አለች። እጅጌዋ ላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ተንጠልጥላለች። ልጇ ጠጋ ብሎ ክሯን አነሳና ኪሱ ከተታት። እናቱ እጁን አየች፣ ከዚያ ገመዱን አየች፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ በዓይኗ ተከተለችው።

"ድኗል እማዬ። ከእንግዲህ እኔ ሥራ ላይ ሆንኩ አልሆንኩ ግድ የለም። ድምፅም አይረብሸኝም።"

"እሺ የኔ ጌታ" አለች ቀስ ብላ።

ሪስታርት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። "ቆይ፣ ቆይ። ወር ሙሉ ፈትቼ የገጠምኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ችግሩን አገኘኸው?"

"አዎ።"

"ምን ነበር?"

"አልነግርህም።"

"ጋሼ ሙት! ሚሞሪው ነው? ገመዱ ነው? ለምንድን ነው ኩሽና ድረስ የተጎተተው?"

"አልነግርህም አልኩህ።"